የማበላው እኔ፣ ኳሱ የሚመጣው ለአማቴ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን በየሳምንቱ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ወደዚህ የሚጽፉት ሰዎች ጉዳይ ከባድ ከባድ ነው፤ የእኔ የውሻ ነገር ነው። ቢስቁብኝ አልቀየምም።

የምኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ሰፈር ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወንዱ ልጄ 10፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አማቴ ጉልበታቸውን ታመው ከዲላ መጡና አብረውን ይኖራሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ዝምተኛ ናቸው፤ ከእኔ ጋር «ደህና ዋልሽ» ከመባባል ብዙም አናልፍም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ መንገድ ያያሉ።

አንበሴ የሚባል ውሻ አለን። ባለቤቴ ለግቢው ጥበቃ ብሎ በቡችላነቱ ያመጣው ዳማ የአበሻ ውሻ ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚበላውን የማበስለው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ በየዓመቱ የማስከትበው እኔ ነኝ። አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ በገዛሁ ቁጥር ጭንቅላቱን ለእሱ አስቀርለታለሁ። ልጆቹ ከአሮጌ ካልሲ ኳስ ሠርተውለታል፤ እሱን ኳስ ከአፉ አይለየውም።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ኳሱን፣ እሱን ካጣ ነጠላ ጫማ በአፉ ይዞ እያለቃቀሰ፣ ጅራቱን እየቆላ ዙሪያዬን ይዞረኛል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ይሸሻል። አንዳንዴ ታግዬ እወስድበታለሁ፤ በምራቅ ስለሚርስ አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣዋለሁ። ካመለጠኝ ግን በቀጥታ ሄዶ አማቴ እግር ሥር ያስቀምጠዋል! እሳቸው ውሻ አይወዱም። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ እርኩስ!» ብለው በምርኩዛቸው ይገፉታል። ኳሱ በደረጃው ተንከባሎ ይወርዳል፤ እሱ ሮጦ ያነሳና እንደገና ያመጣላቸዋል። ሃያ ጊዜ ይመላለሳል። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስገባ እማማ ብቻቸውን ሲስቁ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቀን መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንዷ ጎረቤቴ ጫማ የሚያመጣ ውሻ ገዱ ጥሩ አይደለም ትላለች፤ ሌላዋ ሊያብድ ይሆናል ብላ አስፈራርታኛለች። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት የአማቴን ጫማ ይዞ ጥግ ላይ ተኝቶ ሳለ ትንሿ ልጄ ከአፉ ልትነጥቀው ስትል አጉረመረመባት፤ ጥርሱንም አሳያት። አልነከሳትም። ባለቤቴ «ውሻ ሥራው መጠበቅ ነው፤ መጫወቻ አስለምዳችሁ አበላሻችሁት» ብሎ ቀን ቀን በሰንሰለት አሰረው። ከፋሲካ በፊት ለሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ውሻው ምን ፈልጎ ነው የሚያመጣው? አብልቼው ለእኔ የማይሰጠኝ ለምንድን ነው? ይሂድ ወይስ ይቆይ?

ኳሱ ያልመጣላት፣ ከሀዋሳ

መልስ

እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ስቄያለሁ። ያሳቀኝ ግን ምርኩዙ ነው። የጥያቄሽ ግማሽ መልስ እዚያ ምርኩዝ ላይ ስላለ እመለስበታለሁ። አስቀድመን የልጅቷን ነገር እንነጋገር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም።

አንበሴ ሲያጉረመርም «ይሄ የእኔ ነው፣ አትንኪው» ማለቱ ነው። ለእናት ጆሮ ይሰቀጥጣል፤ በውሻ ቋንቋ ግን ጨዋ ንግግር ነው። የውሻ አፍ ከስድስት ዓመት ልጅ እጅ እጅግ ይፈጥናል፤ ሊነክሳት ቢያስብ ኖሮ ዛሬ የጻፍሽልኝ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። ስለዚህ ስላጉረመረመ ብላችሁ አትምቱት። በዱላ ማጉረምረሙን የተወ ውሻ ስጋቱ አብሮት ይኖራል፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። «ምንም ሳይል ነከሰ» የሚባልለት ውሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ከአንበሴ አፍ ማንም ሰው ምንም ነገር አይንጠቅ። ልጆቹም፣ ባለቤትሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አንቺም። ሲበላ፣ አጥንት ሲግጥ ወይም ሲተኛ ልጆቹ አይጠጉት። ጫማ ይዞ ካገኛችሁት ቁራሽ ነገር ራቅ አድርጋችሁ ጣሉለት፤ ሊበላ ሲሄድ ጫማውን አንሱ። ሥጋ ቢሆን ይመርጣል፤ ጾም ነው ካላችሁ ዳቦም ይበቃዋል፣ እሱ አይቆጥርባችሁም። ኳስ ከሆነ የያዘው ደግሞ ከለወጣችሁት በኋላ ኳሱን መልሱለት። እስካሁን የተማረው የሰው እጅ ሲቀርብ ያለው ነገር እንደሚወሰድበት ነው። እጅ ሲመጣ ዳቦ እንደሚመጣ፣ ኳሱም እንደሚመለስ ደጋግሞ ካየ ጥርስ ማሳየቱ ምን ይጠቅመዋል? ኳሱን አስቀምጦ ዳቦውን ሲያነሳ «ልቀቅ» በሉት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካደረጋችሁት ቃሉን ይለምዳል።

ትንሿ ልጅሽ ትልቅ ሰው በሌለበት ከአንበሴ ጋር ብቻዋን እንዳትሆን። አንድ ነገርም አስተምሪያት፦ አንበሴ ሐውልት ሲሆን እጅ ወደ ኋላ። ውሻ አንድን ነገር ሊከላከል ሲል መጀመሪያ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፤ ማኘኩን ያቆማል፤ አንገቱን ነገሩ ላይ ይደፋና በዓይኑ ጥግ፣ ነጩ እስኪታይ ይመለከታል። ማጉረምረሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ልጆች ይሄን እንደ ጨዋታ ካስተማርናቸው ከእኛ ቀድመው ያዩታል።

ሊያብድ ነው ላለችሽ ጎረቤትሽ ክፉ አልመኝላትም፣ ጥንቃቄዋም ተገቢ ነው። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንስሳ በድንገት ጠባዩ ይለወጣል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ አካሄዱ ይንገዳገዳል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። በየማታው ኳስ ይዞ ጅራቱን እየቆላ የሚዞርሽ ውሻ ይሄን አይመስልም። አንቺም በየዓመቱ እንደምታስከትቢው ጽፈሻል፤ የክትባት ካርዱን አውጥተሽ ቀኑ እንዳላለፈ ብቻ እዪ። ምናልባት አንድ ቀን ማንኛውም ውሻ አንዳችሁን ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ፀበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ክትባቱ ግን ለነገ አይቆይም።

አሁን ወደ ምርኩዙ። እስቲ የራስሽን ደብዳቤ በአንበሴ ዓይን አንብቢው። አንድ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኳስ ታስቀምጥላቸዋለህ፤ ዓይንህን አይተው ያናግሩሃል። ከዚያ በረጅም እንጨት ይመቱታል፤ በደረጃው ነጥሮ ይወርዳል፤ ትሮጣለህ፣ ትይዛለህ፣ ትመለሳለህ። እሳቸው አሁንም እዚያው ናቸው። አይደክሙም፣ ቀጠሮ የለባቸውም፣ ኳሱንም አይቀሙህም። እህቴ፣ አማትሽ የሚያባርሩት መስሏቸው ይሆናል፤ ለአንበሴ ግን ሀዋሳ ውስጥ ከእሳቸው የተሻለ ኳስ ተጫዋች የለም።

አንቺ ጋ ሲመጣስ? ኳሱ ይያዛል፣ ይጎተታል፣ በሳሙና ይታሻል፣ መስኮት ላይ ይሰጣል። ጨዋታው እስኪደርቅ አለቀ። ኮሌጅ የገባ ሰው ሁሉ በሥነ ልቦና ትምህርት የፓቭሎቭን ደወል፣ ውሻው ምግብ ጠብቆ ለሃጩ የሚዝረከረክበትን፣ ያስታውሳል፤ እዚህ የሚያስፈልገን ግን ከእሱ በኋላ የመጣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር ነው። እንስሳ ውጤቱ የጣመውን ድርጊት ይደጋግማል፤ ውጤቱ የጎመዘዘውን እየተወ ይሄዳል። አንበሴ ውለታ እየረሳ አይደለም፤ የት ኳስ እንደሚንከባለልና የት እንደሚታጠብ ለይቶ አውቋል።

ስጦታ መስሎ የታየሽ ለምን እንደሆነም ይገባኛል። እኛ ዘመድ ጋ ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ አንድ ነገር ይዞ የሚመጣን ሁሉ በዚያው ዓይን እናየዋለን። እስቲ አስቢው ግን፣ ስጦታ የያዘ እንግዳ ልትቀበይው እጅሽን ስትዘረጊ ይሸሻል? አንበሴ የሚያመጣው ኳሱን እንድትወስጂለት አይደለም፤ አብረሽው እንድትሆኚ ነው። «እዪ፣ ይሄ አለኝ፣ ነይ ያዢኝ» የሚል ጥሪ ነው። አንዳንዴ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ደረቱን ዝቅ፣ ቂጡን ከፍ አድርጎ ያይሽ ይሆናል። ያ በውሾች ዘንድ በግልጽ የታወቀ የጨዋታ ግብዣ ነው። አይተሽው ታውቂያለሽ?

ነገር በአፍ ይዞ ወደ ወገን መመለስ ደግሞ አንበሴ የፈጠረው አይደለም። ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15,000 ዓመት ሆኖታል፤ ተኩላ ያደነውን በአፉ ወይም በሆዱ ይዞ ወደ ግልገሎቹ ይመለሳል። ከእናንተ በስተምሥራቅ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ነው፦ አንዷ ስትወልድ የመንጋው ሌሎች አባላት ጭምር ፍልፈልና አይጥ አድነው፣ ውጠው ይመጡና ለግልገሎቹ መልሰው ያወጡላቸዋል። (በነገራችን ላይ እነዚህን ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የፈጃቸው ካልተከተቡ ውሾች የሚተላለፍባቸው ያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያንቺ የክትባት ካርድ ከግቢሽ አልፎ ለሌላም ይጠቅማል።) ሰው ደግሞ ይሄን ጠባይ በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ እየመረጠ አዳበረው። የላብራዶር ቅድመ አያቶች ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ለዓሣ አጥማጆች የመረብ ገመድና ያመለጠ ዓሣ ከውሃ እየጎተቱ የሚያመጡ ውሾች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ወስደው የተመታ ዳክዬ ሳያኝኩ እንዲያመጡ አሠለጠኗቸው። አሞራ ገደል ላይ አንድ እንዲህ ያለ ውሻ ቢኖር ከእነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ምን ያህል እንደሚጣላ ሳስበው ይገርመኛል። የአበሻ ውሻ በብዛት የቆየው ለበር ጥበቃ ስለሆነ ኳስ አምጪም፣ ኳስ ቢወረወርለት ዞር ብሎ የማያይም ታገኛለሽ። እኔ ያሳደግኩት አንዱ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚያመጣው፤ ጥርሶቹ ተሸርፈው እስኪያልቁ ድረስ ሞኝነቴ አልገባኝም። እናንተ ድንጋይ አታስለምዱት።

ጫማውስ? እዚህ ላይ ገድ የሚባለውን ነገር ወደ ጎን እንተወው። ውሻ ዓለምን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ደግሞ የባለቤቱ ጠረን እንደ ጫማ የተከማቸበት የለም። ብቻውን ሲሆን ይዞት የሚተኛው፣ ደስ ሲለው ፈጥኖ የሚያነሳው ለዚህ ነው። ለስላሳ ነው፣ ይታኘካል፣ በር ላይ ተቀምጧል፣ ባነሳው ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ይከተለዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ልጆቹ አሮጌ ነጠላ ጫማ «የአንተ ነው» ብለው ሰጥተውት ያውቃሉ? ከሆነ መልሳችሁ ውሰዱት። አሮጌውን ፈቅዳችሁ አዲሱን ከከለከላችሁት ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። በር ላይ ከፍ ያለ የጫማ መደርደሪያ አድርጉ፤ ነገሩ በዚያው ይቀላል።

አሁን አንቺን ወዳስለቀሰሽ ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ማታ ስትገቢ ውሻው ያገኘውን በአፉ አንስቶ፣ እያለቃቀሰ፣ ጅራቱን እየቆላ ዙሪያሽን ይዞራል። ይሄ ለአንቺ ነው። ብዙ ውሾች የሚወዱት ሰው ሲመጣ ደስታው ሲያጥለቀልቃቸው አንድ ነገር በአፋቸው ካልያዙ አይሆንላቸውም። ለአማትሽ እንዲህ ያለ አቀባበል አለ? ካልተሳሳትኩ የለም፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ለእሳቸው ጨዋታ ነው ያላቸው። ናፍቆቱ የአንቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ባለቤትና ውሻ ረዘም አድርገው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትን ከሕፃኗ ጋር የሚያስተሳስረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አይተዋል። አንቺ ግን ያን ሰዓት የምታዪው ኳሱን ነው፤ ምራቁን፣ መታጠብ ያለበትን ነገር። አልፈርድብሽም። ከሥራ ገብታ እራት የሚጠብቃት ሴት ቤት ውስጥ የሚታያት የሚታጠብ ነገር ነው።

እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ከውሻው ሌላ ማታ ስትገቢ ተነስቶ የሚቀበልሽ ማነው? «የማበስለው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ የማስከትበው እኔ» ብለሽ ጽፈሻል። ስለ ውሻው ነው የጻፍሽው፤ እኔ ግን ሳነበው ስለ ውሻው ብቻ አልመሰለኝም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ካልተሳሳትኩ ግን ይሄን ለባለቤትሽ የምትነግሪው በውሻው ክርክር መሃል እንዳይሆን፤ ለብቻው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «ደክሞኛል፣ ማታ ስገባ ቢያንስ አንድ ሥራ ከእኔ ላይ ውሰድልኝ» ብለሽ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ ስሙን ጠርተሽ። አንበሴን ማብላት ጥሩ ጅማሬ ነው። ያመጣውም እሱ ነው።

አማትሽ ሲያዩሽ ሳቃቸውን የዋጡትን ነገር ደጋግሜ አሰብኩበት። አንቺ ከእኔ የሚደበቅ ደስታ አላቸው ብለሽ ተረዳሽው። እኔ ሌላ ነገር ታየኝ። ሴትዮዋ ዲላ ላይ ጎረቤት ነበራቸው፣ ቡና የሚጠራሩት ሰው ነበራቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን በእግራቸው ይሳለሙ ነበር። አሁን ጉልበታቸው በረንዳ ላይ አስቀምጧቸዋል። ቀኑን ሙሉ ወደ እሳቸው ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ፍጥረት ነው ያለው፤ እሱንም እርኩስ ብለውታል። በምራት ፊት ከውሻ ጋር ሲስቁ መገኘት ለአንዲት አማት ቀላል ነው ብለሽ ነው? አፍረው ይሆናል። አንቺን ፈርተው ሊሆንም ይችላል፤ አማት ምራት አትፈራም ያለው ማነው? በሰው ቤት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

የሚቀጥለው እሑድ ቡናውን በረንዳው ላይ አፍዪ። አንበሴ ከሰንሰለት ይፈታ፣ ኳሱም ይኑር። «እማማ፣ እኮ ይወዱታል!» ብለሽ ግን እንዳትይዣቸው፤ ያን ቀን ምርኩዙ ይቆማል። ደረጃው ሥር ቁጭ በይና ኳሱ ተንከባሎ ሲወርድ ወደ እሳቸው መልሺው። አንበሴ መሃል ላይ ይሩጥ። ወሬው ካቆመ ዲላ ቤታቸው ውሻ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ልጅ ሆነው የነበራቸውን ውሻ የማያወራ አዛውንት እስካሁን አልገጠመኝም። እርኩስ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር አትክፈቺ። ዳዊታቸውንና የሚጸልዩበትን ጥግ አይንካባቸው፣ እጅ መታጠቢያ ውሃ አጠገባቸው ይኑር፣ በቃ። ሌላው ደግሞ ደህንነታቸው ነው፦ ጨዋታው ተቀምጠው ሳለ ብቻ ይሁን። ሊነሱ ሲሉ ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ይግባ፣ አንበሴም ይያዝ፤ በታመመ ጉልበት እግር ሥር የሚሮጥ ውሻ አይታመንም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ስጋቱ ከልጁ ፍቅር የመጣ ስለሆነ እሱን አታቃልዪበት። ሰንሰለቱ ግን የፈለገውን አያመጣለትም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ያጣል፤ የሚቀርበውን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል፣ ልጅም ቢሆን። ጨዋታ ጥበቃ ያበላሻል የሚለውን ደግሞ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ የሚያሸቱ የፖሊስ ውሾች ብዙዎቹ የሚሠሩት ለኳስ ነው። ዕቃውን ሲያገኙ አሠልጣኙ ኳስ ይጥልላቸዋል፤ ደሞዛቸው እሱ ነው። አንበሴም ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ቢጫወት ሌሊት በር ላይ የሚጮኸው ያው አንበሴ ነው። እርግጥ ኳስ በአፉ ይዞ መጮህ አይችልም፤ ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ኳሱን ሰብስቡት።

ስለ ኳሱም ጥቂት ልበል። የካልሲ ኳስ ጥሩ ነው፤ ተቀዶ ክሩ መውጣት ሲጀምር ግን ጣሉት፣ የተዋጠ ጨርቅ አንጀት ይዘጋል። ጉሮሮው ውስጥ የማይገባ ትልቅ ይሁን። ሁለት ኳስ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል፣ አንቺም «ቀሚዋ» መሆንሽ ይቀራል። ሁለት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ አንዱን ይዞ ሲሸሽሽ አታሳጂው፤ ሁለተኛውን አሳይተሽ አንከባልዪው፣ የያዘውን ራሱ ጥሎ ይመጣል። የሃይላንድ ጠርሙስም ክዳኑ ከወጣ ለጥቂት ጊዜ ያጫውታል። የዓሣውን ጭንቅላት ግን ተይው፤ እሾሁ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። ሥጋውን ለቅመሽ ብትሰጪው ይሻላል።

ይሂድ ወይስ ይቆይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን አሁን አልሰጠውም። ባለቤትሽን ግን «ተወው» ከምትዪው «እስከ ፋሲካ አብረን እንሞክረው» በዪው፤ ቀኑን እሱ ራሱ ስለቆረጠው አይከብደውም። በዚህ ጊዜ ሰውየውም ውሻውም ይታያሉ። አንበሴ በአፉ ምንም ሳይዝ፣ ማንም ሳይነካው በልጅቷ ላይ ድርቅ ካለ ወይም ካጉረመረመ፣ ወይም የመለዋወጡን ነገር በደንብ ሠርታችሁበት እየባሰ ከሄደ፣ ያኔ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ያመመው ውሻም ያጉረመርማል፤ ጥርሱ ወይም ጆሮው ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሆኖ ካልተሻለው ትንሽ ልጅ የሌለበት፣ ጠባዩ በግልጽ የተነገረው ቤት ይፈለግለት። ልጆቹም አብረው ሄደው ያስረክቡት። ጭኖ ከከተማ ውጭ መንገድ ላይ መተው ግን መስጠት አይባልም፤ ባለቤትሽ እንዲህ እንዳላሰበ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ብትጠይቂው ግን አይከፋም።

ነገ ማታ 12 ሰዓት ላይ በሩን ስትከፍቺ ይዞ ይመጣል። እጅሽን አትዘርጊ። ቁጭ በይ፣ ስሙን ጥሪው፣ ዓይኑን እዪው፤ ኳሱን ሲጥለው በእግርሽ ግፊው። ዓሣ የገዛሽበት ቀን ከሆነ ግን መጀመሪያ ፌስታሉን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ።